አሥራ ሰባተኛዋ ቀዳዳ

ሃያ ሦስተኛው ወረቀት ላይ እጇ ቆመ። መምህርቷ የተበሳውን ካርቶን በመልስ መስጫው ላይ ደፍታ፣ በየቀዳዳው የታየውን ጥቁር ምልክት እየቆጠረች ነበር። ተፈታኙ ከሃምሳው የሳተው አንድ ብቻ ነው፤ አሥራ ሰባተኛውን። ከእሱ በፊት የታረሙት ሁለት ጎበዞችም የሳቱት ይህንኑ ነው።

ጥያቄውን አነበበች። ስለ አንድ ሳጥን ብርቱካን የተጻፈ የእንግሊዝኛ ዐረፍተ ነገር ነው፤ ግሱ ከሳጥኑ ጋር መስማማት አለበት። መልሱ «ሲ» ነው። ቀዳዳው ግን «ዲ» ላይ ነው። ትናንት በገዛ እጇ የበሳችው እሷ ናት።

ዘጠነኛውን ወረቀት ሳበች። ስም የለበትም፤ ነገር ግን እርሳስ ተጭኖ ወረቀት የሚቀድ ሰው አንድ ብቻ ታውቃለች፤ ፈተናውን ለሠራተኞቹ የሰጠው መሥሪያ ቤት ሾፌር፣ ታናሽ ወንድሟ። የእንግሊዝኛ ፈሊጥ ጥያቄዎቹን ሁሉ ከጫናቸው የውጭ እንግዶች ለቅሞ መልሷቸዋል። አሥራ ሰባት ላይ «ዲ» ብሏል። ውጤቱ ሠላሳ፣ ማለፊያውም ሠላሳ። ወገቡ ከድቶት ሐኪም መሪ እንዳይጨብጥ ነግሮታል፤ የቢሮ ሥራ ለማግኘት ይህ ሦስተኛና የመጨረሻ ፈተናው ነው።

ስልኳ ጠራ።

«እታለም፣ ምንም አልጠይቅሽም። ካለፍኩ ሳል በይ፣ ይበቃኛል።»

ጉሮሮዋን በላት። ሳሉን ዋጠችው።

«ምሳህን ብላ» አለችና ዘጋች።

የአስተዳደር ኃላፊው አንገቱን በበሩ አስገባ። «ቲቸር፣ አለቀልዎት? ስድስት ሰዓት ላይ ይለጠፋል ብዬ አፌን አውጥቼ ተናግሬአለሁ።»

«ካርቶኑ ተሳስቷል። አንድ ቀዳዳ።»

«ለሁሉም ነው የተሳሳተው?»

«ለሁሉም።»

«ታዲያ ምን ቸገረን? እኩል መበደልም ፍትሕ ነው» ብሎ ሳቀ። «አንድ ነጥብ ማንን ይገድላል?»

መምህርቷ ክምሩን ገለጠች። ሃያ ዘጠኝ ያገኘ አንድ ወረቀት አለ፤ ደቃቅ፣ ጥንቁቅ ምልክት። አሥራ ሰባት ላይ «ሲ» ይላል። የማን እንደሆነ አታውቅም።

«ስምንት ሰዓት ላይ ለጥፉት» አለች።

«ሰዉ ይጮህብኛል እኮ።»

«በእኔ ያሳብቡ።»

እያጉረመረመ ሄደ። ቀዳዳውን በፕላስተር ደፈነች፣ አጠገቡ «ሲ» ላይ በሳች፣ ከጥያቄው ጋርም ሁለት ጊዜ አመሳከረች። ከአንደኛው ወረቀት ብትጀምር ዘጠነኛው ጋ ሳትደርስ ልቧ እንደሚከዳት ታውቃለች።

ዘጠነኛውን ፊቷ አስቀምጣ ቀዩን እስክሪብቶ ከፈተች።