የቤተሰብ ፊርማ

«ወንድምዎ መጥተው ኮሪደሩ ላይ ተቀምጠዋል» አለች የደወለችው ነርስ። «በጤና መድኅን ለሱስ ሕክምና ለሚገባ ሰው የቤተሰብ ፊርማ ግድ ነው። ካልፈረሙላቸው አልጋ መስጠት አንችልም።»

ልብስ ሰፊዋ ስልኩን ከጆሮዋ አራቀችና ቁጥሩን አየችው። የሆስፒታሉ ነው። ወንድሟን ከቀበሩ ሦስተኛ ቀናቸው ነበር።

«ምን ለብሷል?» አለች። ለምን ይህን እንደጠየቀች እሷም አላወቀችም።

«ግራጫ ካፖርት። ክርኑ ላይ በሰማያዊ ክር ተሰፍቷል።»

ያን ክር የመረጠችው እሷ ናት። ካፖርቱ ደግሞ ወንድሟ ከሞተ ወዲህ ቤቱ ሁሉ ተፈልጎ አልተገኘም።

ለቀስተኞቹ ግድግዳውን ተደግፈው ተደርድረዋል። አክስቷ ሻይዋን እያማሰለች አጠገቧ ላለችው ጎረቤት ታንሾካሹካለች። «ጉበት ነው ይላሉ እንጂ መጠጡ ነው የበላው። የሞተ አይታማም ብዬ ነው ዝም ያልኩት።»

ወንድሟ ኤሌክትሪክ ሠራተኛ ነበር። ሰፈሩ «ፊውዝ» ይለው ነበር፤ ቶሎ ይናደዳል፣ ቶሎ ይበርዳል። ሳይጠጣ በዋለ ቀን የእህቱን የስፌት መኪና ፈታቶ ሲገጥም ጣቶቹ ዝንፍ አይሉም። ሁለት ጊዜ አቆማለሁ ብሎ ማለላት፤ ሁለቴም ያው ሆነ። ባለፈው ወር፣ አንድ ሰኞ ጠዋት፣ ከሆስፒታሉ ደወለ።

«እታለም፣ መድኅኑ ይሸፍናል ብለዋል። የቀረው ያንቺ ፊርማ ነው። ወረፋ ይዤ ተቀምጫለሁ።»

«የሙሽራ ልብስ ይዣለሁ። ደግሞ እውነቱን ልንገርህ፣ ሰልችቶኛል።»

«እጠብቅሻለሁ» አለ።

አልሄደችም። እስኪመሽ ኮሪደሩ ላይ ተቀምጦ እንደዋለ የሰማችው ከቀብሩ በኋላ ነው። ከዚያ ወዲህ ዓይኗን በጨፈነች ቁጥር እዚያው ተቀምጦ ታየዋለች።

ተነሣች።

«ሐዘን ተቀምጠሽ ወዴት ነው?» አለች አክስቷ።

«የምፈርመው አለኝ።»

የሆስፒታሉ ኮሪደር ጭር ብሏል። አንዱ መብራት ብልጭ ድርግም ይላል፤ ወንድሟ ቢያየው ወንበር ላይ ቆሞ ያስተካክለው ነበር። ከጫፉ አግዳሚ ላይ ግራጫ ካፖርት የለበሰ ሰው ጀርባውን ሰጥቶ ተቀምጧል። ትከሻው እንደ እሱ ወደ ግራ ዘመም ብሏል። ነርሷ በሩን ከፍታ የወንድሟን ስም እስከ አያቱ ጠራች።

«አቤት» አለ ሰውየው።

ግድግዳውን ያዘች።

ሰውየው ሲዞር ፊቱ ሌላ ነው። ከወንድሟ ጋር ይጠጣ የነበረው ቧንቧ ሠራተኛ ነው። የወንድሟን የመድኅን ካርድ ይዟል፤ ፎቶውን ላብ አደብዝዞታል።

«ይቅር በይኝ» አለ ድምፁን ዝቅ አድርጎ። «እኔ መድኅን የለኝም። ሊሞት ሁለት ቀን ሲቀረው ካፖርቱን ከነካርዱ ሰጠኝ። ‹እኔን አልፎኛል፣ አንተ ሂድና ቁጭ በል› አለኝ። ‹እህቴ ትዘገያለች እንጂ አትቀርም› አለ።»

ካፖርቱን ከላዩ ገፍፋ ልትሄድ ፈለገች። የሟች ካርድ እንደሚያስጠይቅም አላጣችውም። ሰውየው ግን ዓይን ዓይኗን ያያል፤ ወንድሟም ያን ሰኞ ይህን በር እንዲህ ሲያይ ነው የዋለው።

ነርሷ ወረቀቱን ዘረጋች። «ምናቸው ነዎት?»

«እህቱ ነኝ» አለችና ፈረመች።

ሰውየው ሊገባ ሲል ክንዱን ያዘችው። ካፖርቱ ወንድሟን ወንድሟን ይሸታል። ክርኑ ላይ ሰማያዊው ክር ተንጠልጥሏል፤ ወንድሟ ሰክሮ የመጣ ቀን ተናዳ ክሩን ሳትቋጨው ካፖርቱን ወርውራለት ነበር። ከልብሷ ደረት ላይ የሰካችውን መርፌ ነቅላ ቋጨችው፤ ከዚያ ጎንበስ ብላ ክሩን በጥርሷ በጠሰችው።