ቃል አቀባይዋ ሳጥን

ጽጌረዳና ወንድሟ ይገዙ የተጣሉት በእናታቸው አርባ ላይ ነው፤ ድንኳኑ ገና ሳይነቀል። ምክንያቱ ቤት ነው። መቼም የአዲስ አበባ እህትና ወንድም በሌላ ነገር ሲጣሉ አይታዩም። እናታቸው ቀጨኔ ቁልቁለቱ ላይ አንድ ግቢ ትተውላቸው ነበርና የላይኛው ቤት ለማን፣ የታችኛው ለማን ይሁን ሲባል ነገር ነገርን ወለደ። በመጨረሻ ሁለቱም በለቀስተኛው ፊት ብድግ ብለው፣ "ሁለተኛ ከአፌ ቃል ወጥቶ ካናገርኩት፣ ካናገርኳት፣ ቀጨኔ መድኃኔዓለም ይፍረድብኝ" ብለው ማሉ። ሽማግሌዎቹ "ኧረ በእናታችሁ አጽም!" ቢሉ ማን ሰምቷቸው! መሐላውን ግን አከበሩት። ጾሙን እንዲህ ቢያከብሩት ኖሮ ገና ድሮ በጸደቁ።

እስኪወሰን እሱ የላይኛውን፣ እሷ የታችኛውን ቤት ያዙ። ችግሩ ግቢው አንድ፣ የውሃ ፓምፑም አንድ መሆኑ ነው። ውሃ በፈረቃ ነው የሚመጣው፤ ሲመጣም ግፊቱ ከታች ካለው ገንዳ አያልፍም። ከዚያ ወደ ቤቶቹ የሚገፋው ፓምፑ ነው። እሷ ስታስነሳ እሱ ያጠፋል፤ እሱ ሲያስነሳ እሷ ገመዱን ትነቅላለች። ሽማግሌዎቹ ቢሰለቻቸው ዊንጌት ሰፈር ሬዲዮና ስልክ የሚጠግነውን ኖህን ይዘው መጡ። ኖህ በአንዲት የብረት ሳጥን ውስጥ ሲም ካርድ የጎረሰች ትንሽ ሰሌዳና ሪሌይ የሚባል ማብሪያ ማጥፊያ ከቶ ፓምፑ አጠገብ ሰቀላት። "ክፈት" ብለው ቴክስት ሲልኩላት ሪሌይዋ ቀጭ ትልና ፓምፑ ይነሳል፤ "ዝጋ" ሲሏት ታጠፋዋለች። እሷ ራሷ የምትሠራው በባትሪ ነው፤ መብራት ቢጠፋም አትተኛም። የምትታዘዘው ለሁለት ስልኮች ብቻ ነው፤ አንድ ሳምንት ለእህት፣ አንድ ሳምንት ለወንድም። ቁልፉን መያዝና ባትሪውን መሙላት፣ ታላቅ ናትና፣ ለጽጌረዳ ተሰጠ።

ኖህ ግን አንድ ነገር ጨመረባት። ሳጥኗ ያልገባት መልእክት ከአንዱ ከመጣላት ለሌላው ታስተላልፈዋለች። "አንዱ ፊደል ቢሳሳት ሌላው አይቶ ያርመዋል" ብሎ ነው። የዋህ ልጅ! የሰው ቤት ጸብ የት ያውቅና!

አንድ ቀን ይገዙ ቢልክ፣ ቢልክ ፓምፑ እምቢ አለው። በንዴት፣ "አንቺ ደደብ፣ ትከፍቺያለሽ አትከፍቺም?" ብሎ ለሳጥኗ ጻፈ። ሳጥኗ አልገባትም፤ እንደታዘዘችው ለጽጌረዳ አቀበለቻት። ጽጌረዳም አነበበችና፣ "ደደብስ አንተ፣ የደደብ ልጅ!" ስትል መለሰች። እናታቸው አንድ መሆኗን ንዴቱ አስረስቷት ነው። ከዚያ ወዲያ ሳጥኗ ቃል አቀባይ ሆነች። "ያ ጀበናሽ እንደ ፊትሽ ጠሞ ወጣ ወይ?" ይላል እሱ። "ሳልህን ወደ ግድግዳው ዞረህ ሳል፣ ሰው ተኝቷል" ትላለች እሷ። ስለ መሐላው የጠየቃቸው ሰው ቢኖር መልሱ ዝግጁ ነበር፤ እኔ የጻፍኩት ለሳጥን ነው፣ ከአፌ መች ቃል ወጣ?

እንዲህ እየተዋገሩ ሳለ ሰርግ መጣ። ቤዛዊት የይገዙ አንዲት ልጅ ናት። እናቷ በአራስ ቤት ስለሞተች ጡጦ ያጠባቻት፣ ጸጉሯን የሠራችላት፣ ስትታመም አዝላት የሮጠችው ጽጌረዳ ናት። ጽጌረዳ አልወለደችም። በዚህ ዓለም ላይ ያለቻት ቤዛዊት ብቻ ናት፤ ይህን ቀጨኔ በሙሉ ያውቃል።

ለቅሶ ሳይጠሩ ይሄዱበታል። ሰርግ ግን ያለ ጥሪ አይኬድም፤ የቤቱ ባለቤት ካልጠራ ደግሞ ጥሪ አይባልም። ቤዛዊት እየሮጠች ወደ አክስቷ ቤት ገባች።

"እትዬ፣ እኔ እኮ ጠርቼሻለሁ። በቃ፣ አይበቃም?"

"ሙሽራ ሰው አይጠራም። ጠሪው አባትሽ ነው" አለች ጽጌረዳ፣ እጇን ከሸክላው ጭቃ ሳታወጣ። "እሱ ራሱ ነይ ካላለኝ አልመጣም። እስከዚያ አንቺም ደጄን እንዳትረግጪ።"

"እንዴ! ምላችሁ የለ? እንዴት አድርጎ ይበልሽ?"

"የሱ ጣጣ ነው።"

ልጅቷ እያለቀሰች ወጣች። ጽጌረዳም በሩ ሲዘጋ አለቀሰች፤ ግን ማንም አላያትም። ሲውል ሲያድር አልቻለችምና ኩራቷን ዋጥ አድርጋ፣ "የልጄ ሰርግ ነው፤ ጥራኝ" ብላ ለሳጥኗ ላከች። መልሱ ወዲያው መጣ። "ልጅሽ? የወለደ ይድራል። የጭቃ እጅ ሰርግ ያቆሽሻል።"

የጭቃ እጅ! የቀጨኔ ሸክላ ሠሪ ከሩቅ ሰው ስንት ስም ሲወጣለት እንደኖረ የማያውቅ የለም። ይህ ግን ከአንድ ማህፀን የወጣ ወንድሟ ነው፤ እናቱ እስከ ዕለተ ሞቷ ጭቃ አቡክታ ነው ያበላችው። ጽጌረዳ ደሟ ፈላ። ቁልፏን ይዛ ወረደች፣ ሳጥኗን ከፈተች፣ ባትሪውን መንጭቃ አወጣች። "ከእንግዲህ ቃልህ ጆሮዬ አይደርስም!" አለች ለሳጥኗ። ባትሪውን አልጋዋ ሥር ወረወረችው። ያለ ሳጥኗ ፓምፑ አይነሳም፤ ሳምንቱ የእሷ ፈረቃ ነበርና ውሃ ያጣችው ራሷ ናት። "ባሏን የጎዳች መስሏት" የሚለውን ተረት መጨረሻውን የምታውቁ ጨርሱት፤ እኔ አፌን አላበላሽም።

የሰርጉ ዕለት በሯን ቀርቅራ ከመጋረጃው ጀርባ ቆመች። ውሃውን የእድሩ ጎረምሶች ከየጎረቤቱ በጀሪካን አግዘውት ስለነበር ምንም አልጎደለም። ከበሮው ሲመታ፣ እልልታው ሲቀልጥ፣ ወጥ ሲሸት ሁሉንም በመጋረጃው ቀዳዳ አየችው፤ ሰማችው። የምትጠላውንና የምትወዳትን በአንድ ቀዳዳ ማየት ክፉ ነገር ነው።

ሙሽራይቱ የምትወጣበት ሰዓት ደረሰ። ቤዛዊት ነጭ ቀሚሷን ሰብስባ ወጣችና ወደ ውጭው በር አልሄደችም። ግቢው መሐል ላይ ፊቷን ወደ አክስቷ ቤት አዙራ ቆመች። ይገዙ ሙሉ ልብሱን ለብሶ ከጎኗ ነው። ስልኩን አውጥቶ ነካካ፣ ቀና ብሎ የጽጌረዳን በር አየ፣ እንደገና ነካካ፣ እንደገና አየ።

"አሃ፣ ሊቀርጸኝ ነው" አለች ጽጌረዳ። "ልጄን አስውቦ ደጄ ላይ አቁሞ፣ እኔ ስቃጠል ሊቀርጽ ነው።" መጋረጃውን ግጥም አደረገችና ሬዲዮዋን እስከ መጨረሻው ከፈተችው። መኪኖቹ መንገዱ ላይ ክላክስ ያደርጋሉ። ሰው ይጯጯሃል። በኋላ ሬዲዮዋን ስትዘጋ ግቢው ጭር ብሏል፤ የቀረው ድንኳኑና የተረገጠው ሣር ነው።

የመልሱም ድግስ ከግቢው ውጭ በአዳራሽ ተደርጎ አለፈ። የጽጌረዳ በርሜል ተሟጠጠ፣ ያቦካችው ጭቃ መሰንጠቅ ጀመረ። አንድ ጠዋት ኩራት ውሃ አይሆንምና ባትሪውን ከአልጋዋ ሥር ጎትታ፣ አራግፋ፣ ወስዳ መለሰችው። ትንሿ መብራት ብልጭ አለች። "ክፈት" ብላ ልትጽፍ ስልኳን ስታነሳ ስልኩ ቀድሟት መንጫረር ጀመረ። ሳጥኗ ባትሪ አልባ ሆና ሳለ የተላከላት ሁሉ ኔትወርኩ ላይ ተጠራቅሞ ጠብቋት ኖሯል። አሁን አንድ በአንድ እየተቀበለች ታቀብላለች።

"ያን ያልኩት በንዴት ነው። የእናታችንም እጅ የጭቃ እጅ ነበር። እሁድ ነይ፣ ጠርቼሻለሁ።"

"አነበብሽው? ቦታሽ ከእኔ ቀጥሎ ነው።"

"ልጅቷ ጉልበቷን ሳልስም ከግቢ አልወጣም ብላለች። ደጅሽ ላይ ነን። ክፈቺ።"

"ጽጌ፣ ሰው እያየን ነው። ስለ መድኃኔዓለም ክፈቺ።"

"በሬዲዮ መለስሽልን? ጥሩ። ልጄን በሰርጓ ቀን አዋርደሽ ሸኝተሻታል። ከዛሬ ጀምሮ እህት የለኝም።"

ጽጌረዳ የመጀመሪያውን ደግማ አነበበችው። ከዚያ እንዴት ዳገቱን እንደወጣችው አታውቅም፤ የወንድሟን በር በሁለት እጇ ትደበድብ ጀመር።

"ይገዙ! ይገዙ፣ ስማኝ! አሁን ነው የደረሰኝ! ማርያምን፣ ገና አሁን ነው ያየሁት!"

መሐላው ፈረሰ። እሷ ግን ትዝም አላላት። ከውስጥ የእግር ኮቴ መጣና ከበሩ ጀርባ ቆመ። ሲተነፍስ ይሰማታል፤ ሳሉም ያው ነው። በእጇ የያዘችው ስልክ ተንጫረረ። በአንድ ሳንቃ ተለያይተው ቆመው እንኳ በሳጥኗ በኩል ነው የላከው።

"ሳጥኗ ምን ሆና ነበር?"

ባትሪው አልቆ ነበር ብትለው ያምናታል። ባትሪ ያልቃል፤ ማንም ሰው ያምናታል። ቃሉ ምላሷ ላይ ደርሶ ነበር። ግን ደጇ ላይ ነጭ ለብሳ የቆመችው ልጅ ፊቷ ላይ ድቅን አለችባትና ግንባሯን ከሳንቃው አስጠግታ በአፏ መለሰችለት።

"ባትሪውን ያወጣሁት እኔ ነኝ።"

ከውስጥ በሩ ሲቀረቀር ሰማች።