ለሁለት የተከፈለ ልብ ወለድ

አባትየው ባረፉ ጊዜ ውርሱን ለሁለቱ ልጆች ያካፈለው አጎታቸው ነው። አጎት ዕድሜውን ሙሉ እህል መጋዘን ውስጥ ሚዛን ላይ የኖረ ሰው ስለሆነ፣ ለእሱ ፍትሕ ማለት ሁለቱ ሳህኖች እኩል ሲቆሙ ነው፤ ሳህኑ ላይ ምን እንዳለ ግድ የለውም። ማንኪያውን አንድ ለእሷ አንድ ለእሱ፣ ወንበሩን አንድ ለእሷ አንድ ለእሱ እያለ ዘለቀ። ሰፊውን ሳሎን መሃል ለመሃል በኮምፔንሳቶ አስከፈለና ለየራሳቸው በር አወጣላቸው። መጽሐፍ መደርደሪያው ጋ ሲደርስ ግን ቆም አለ።

እዚያ ባለስድስት ቅጽ ልብ ወለድ ተደርድሯል። የአንድ ባለወፍጮ ቤተሰብን ታሪክ ከአያት እስከ ልጅ ልጅ የሚተርክ፣ አባትየው በጎረምሳነታቸው ገዝተው እንደ ዓይን ብሌን ሲጠብቁት የኖሩት መጽሐፍ ነው። ሌላ ሰው ቢሆን ስድስቱንም ለአንዱ፣ ሬዲዮኑን ለሌላው ሰጥቶ ይገላገል ነበር። አጎት ግን አገጩን እያሻሸ አሰበበት። «የፊተኞቹን ሦስት ለአንዱ ብሰጥ፣ ያኛው መጨረሻውን ብቻ ይዞ ሊቀር ነው። ይሄ አድልዎ ነው» አለና እንደ ካርታ ጨዋታ አንድ ወዲህ አንድ ወዲያ እያለ አደላቸው። አንደኛው፣ ሦስተኛውና አምስተኛው ለእህት ደረሰ፤ ሁለተኛው፣ አራተኛውና ስድስተኛው ለወንድም። ከዚያ አቧራውን ከእጁ አራግፎ፣ «ኋላ አጎታችን በደለን እንዳትሉ» አላቸው።

አላሉም። የተባባሉት እርስ በርስ ነው።

ጠቡን ያመጣው ኮምፔንሳቶው ነው። አናጢው ሲመታው በአንደኛው ጫፍ አንድ ስንዝር ያህል ወደ እህትየው ክፍል ገባባት። «አናጢውን ሻይ እየጋበዝክ አስጣመምከው» አለችው ወንድሟን። «የተጣመመው ወለሉ ነው» አላት። እሷም አንድ ነገር አከለች፣ እሱም አንድ ነገር አከለ፤ ከዚያ ወዲህ ሆድና ጀርባ ሆነው ቀሩ። አንድ ጣሪያ ስር፣ አንዱ ሲያስነጥስ ሌላው ቁልጭ አድርጎ እየሰማ፣ «ይማርህ» «ይማርሽ» ሳይባባሉ ዓመታት ነጎዱ።

እህትየው መጋረጃ ሰፊ ናት። በእግር የምትረገጥ የስፌት መኪና አለቻት፣ በጊዜ የማይደርስ ሥራ ደግሞ የላትም፤ ይሄ የሚያኮራት ነገር ነው። ወንድሟ ሰዓት ሠሪ ነው። ጢሙ ሸብቶ፣ ዓይኑ ላይ ማጉያ መነጽር ሰክቶ ቀኑን ሙሉ እያቀረቀረ እንኳ ቤተሰቡ «ማሙሽ» እያለ ነው የሚጠራው። መጽሐፎቹን በተመለከተ ሁለቱም አላፈሩባቸውም። እሷ አንደኛውን በር እንዳይዘጋ ትደግፍበታለች፣ ሦስተኛውን ፍሪጁ እንዳይንቀጠቀጥ ከሥሩ ሸጉጣዋለች፣ አምስተኛውን የመጋረጃ ሽንሽን ትጫንበታለች። እሱ ደግሞ ሦስቱንም ደራርቦ የጠረጴዛ መብራቱን ከፍ አድርጎባቸዋል።

እንዲህ ሆኖ ሳለ ነው መጋረጃ ሰፊዋ ደንበኛ ቤት መጋረጃ ስትሰቅል ከወንበር ላይ ወድቃ ቁርጭምጭሚቷ የተሰበረው። እግሯ ጀሶ ገባ። በእግር የሚረገጥ መኪና ያለ እግር ምን ያደርጋል? ሥራ የለ፣ መውጣት የለ፤ ቁጭ ብሎ ጣሪያ ማየት ሆነ። አንድ ቀን ጠዋት ነፋስ በሩን ሲያንገጫግጨው ዓይኗ ከሥሩ ባለው መጽሐፍ ላይ አረፈ። እየተንፏቀቀች ሄዳ አነሳችው።

የመጀመሪያው ገጽ ላይ የባለወፍጮው የዘር ሐረግ እንደ ዛፍ ተስሏል። «ይሄን ሁሉ ሰው ማን ያስታውሳል» ብላ ልታስቀምጠው ነበር። ምሳ ሰዓት ላይ ግን የማን አፍንጫ ወደ ማን እንደሄደ ታውቅ ነበር። ሽማግሌው ባለወፍጮ ግልፍተኛ መሆኑን፣ ሚስቱ ደግሞ በዝምታ የምትገዛው መሆኑን፣ ትልቁ ልጅ እናቱን ሲመስል ትንሹ ቁርጥ አባቱን መሆኑን፣ ቤተሰቡ ሁሉ እንደሚያውቀው አውቃ፣ «አይ፣ ይሄማ በአባቱ ወጥቶ ነው» እያለች ለብቻዋ ትፈርድ ጀመር። ሻይዋ እየቀዘቀዘ፣ ደንበኞች በር ላይ «ቤቶች» እያሉ፣ እሷ ወፍጮ ቤት ነበረች። የሰው ቤት ገብቶ፣ ማንም ሳያይ ጥግ ይዞ፣ የሠርጉንም የጠቡንም ነገር መስማት፣ ደግሞም አንድ ሳህን እንኳ ሳያጥቡ! እንዲህ ያለ ደስታ በሕይወቷ አጋጥሟት አያውቅም።

አንደኛው ቅጽ የሚያልቀው ትንሹ ልጅ ከወንድሙ ጋር በአንድ አጥር የተነሳ ተጣልቶ፣ እናትየው እየለመኑት፣ በሩን አላትሞ ሲወጣ ነው። መጋረጃ ሰፊዋ አለቀሰች። «በአጥር!» አለች እንባዋን በመሀረብ እየጠረገች። «የአንድ እናት ልጆች በአጥር ይጣላሉ? ምን ዓይነት ልብ ነው የሰጣቸው?»

ከዚያ ፍሪጁን በክራንቿ ደግፋ ሦስተኛውን ቅጽ አወጣች። ሦስተኛው ሲከፈት እናትየው ዓይናቸው ጠፍቷል፣ ሽማግሌው ሞቷል፣ ገበታው ላይ የማን እንደሆነ የማይታወቅ ግራኝ ሕፃን ተቀምጧል። ትንሹ ልጅ የት እንዳለ አንድ የሚናገር የለም። ገጽ ብትገልጥ፣ ብትገልጥ፣ ሁሉም የሚያውቀውን ነገር ለእሷ የሚነግራት ጠፋ። ልቧ ተንጠለጠለ። እህል ውሃ አላሰኛትም። ሌላ ሁሉ ቢቀርባት ይቅር፤ ያ ልጅ እናቱ ቤት ተመልሶ መግባት አለመግባቱን ሳታውቅ ግን መኖር የምትችል አልመሰላትም። መልሱ ደግሞ ከኮምፔንሳቶው ማዶ፣ መብራት ተሸክሞ ተቀምጧል።

የማሙሽ ሚስት ነርስ ናት። ኩርፊያው ስለማይመለከታት ሁለቱንም በር እያንኳኳች ትገባለች፤ ሰሞኑንም የእህትየውን እግር እያየች ነው።

«እስቲ አንቺ ልጅ፣» አለቻት መጋረጃ ሰፊዋ፣ «ባልሽን አንድ ነገር ጠይቂልኝ። ለእኔ እንዳይመስልሽ፣ ለአንዲት ደንበኛዬ ነው። ያ ትንሹ ልጅ ሁለተኛው ቅጽ ላይ ይመለሳል ወይ በይልኝ።»

«የትኛዋ ደንበኛሽ?»

«ባለዳቦ ቤቷ።»

«እሷ ደግሞ ማንበብ ትችላለች እንዴ?»

«ለዚያ አይደል የምትጠይቀው።»

ነርሷ ሄዳ ተመለሰች። «መጽሐፉን ገልጬው አላውቅም ብሎሻል። ግን ደንበኛዋን ይህን ያህል ካስጨነቃት አየዋለሁ ብሏል።»

አየው። አይቶም አልተመለሰም። ሰንበትበት ሲል የማሙሽ ጠረጴዛ ላይ የሰው ሰዓት ተከምሮ፣ አንዱ ሦስት ሰዓት ሌላው ዘጠኝ እያለ፣ እሱ ማጉያ መነጽሩን ሰክቶ ሁለተኛውን ቅጽ ያነብ ነበር። ድግስ መሃል ላይ እንደገባ ሰው ግራ ገባው። መልሱን ትቶ ጥያቄ ላከ። «ባለ ቀይ ጃንጥላዋ ሴት ማን ናት? ሁሉም ያውቃታል፣ እኔ ብቻ ነኝ የማላውቃት።»

«የሽማግሌው የቀድሞ እጮኛ ናት በይው» አለች እህትየው፣ ባለቤት እንደሆነች ሁሉ ቀና ብላ። «ቤተሰቡን የማያውቅ ሰው ምን ብሎ ያነባል?»

ነርሷ በሁለቱ መሃል ወሬ ማመላለስ ያዘች። ችግሩ ለልብ ወለድ አልተፈጠረችም።

«ሽማግሌው ሞተዋል ብሎሻል።»

«መሞታቸውንማ አውቃለሁ። እንዴት ሞቱ?»

«ልባቸው ተሰብሮ ይላል። እንደሱ የሚባል በሽታ የለም። የደም ግፊት መድኃኒት አቋርጠው ነው የሚሆነው።»

«የእናትየው ዓይንስ?»

«ከለቅሶ ብዛት ይላል። ለቅሶ ዓይን አያጠፋም፣ እትዬ። ስኳራቸውን ይታዩ።»

አንድ ቀን ደግሞ የባለወፍጮው ልጅ ትርፍ አንጀቷን ቀዶ ጥገና እንደተደረገላት ነገረቻት። መጋረጃ ሰፊዋ ቀኑን ሙሉ ስትብሰለሰል ዋለች፤ ያቺ ልጅ ሦስተኛው ቅጽ ላይ ፈረስ ስትጋልብ ነበር ያገኘቻት። በማግስቱ ነርሷ ግንባሯን መታ አድርጋ፣ «ውይ፣ እሷ እኮ መስኮቱ ጋ የተኛችው በሽተኛዬ ናት» አለች። ከዚያም ሁለቱንም ሰለቸቻቸው። «እኔ ቀኑን ሙሉ በሽተኛ ሳመላልስ ውዬ እዚህ ደግሞ የሞቱ ሰዎች አታመላልሱኝ። ግድግዳው እኮ ኮምፔንሳቶ ነው፤ ተነጋገሩበት።»

መጋረጃ ሰፊዋ ሦስት ጊዜ ጉሮሮዋን ጠራረገች። ወንበሯን ወደ ኮምፔንሳቶው አስጠጋች።

«ደንበኛዬ መልሱን እየጠበቀች ነው» አለች ለጣውላው።

ከማዶ ገጽ ሲገለጥ ተሰማ። ቆይቶ፣ «ሁለተኛው ላይ አልተመለሰም በያት» የሚል ድምፅ መጣ። «ባሕር ማዶ ሄዶ ሀብታም ሆኗል። ግራኙ ሕፃን የእሱ ነው።»

«የእሱ? አልኩ እኮ! እጁን ሳይ ጠርጥሬያለሁ» አለች፣ ደንበኛዋን ረስታ።

ከዚያ በኋላ ባለዳቦ ቤቷ አልተነሳችም። ማሙሽ እንዲያውሳት አልለመነችውም፣ እሱም አላቀረበላትም፤ ሁለቱም የአጎታቸው ደቀ መዝሙር ስለሆኑ ድርሻ ከቤት አይወጣም። ስለዚህ እሱ የራሱን ጮክ ብሎ ያነባል፣ እሷ ደግሞ የራሷን። ነገር ግን ማሙሽ ዕድሜውን ሙሉ ለሰዓት ሲያንሾካሹክ የኖረ ሰው ነው፤ ድምፁን ኮምፔንሳቶው ይበላዋል። አራተኛው ቅጽ መሃል ላይ «ሞተች» የሚለውን ሰማች፣ ማን እንደሞተች ግን አልሰማችም።

«ማን? ማን ናት የሞተችው?»

«እ… ናት… የው…»

«ምን?»

በማግስቱ አናጢ ተጠራ። ያው ራሱ አናጢ ነው፣ ኮምፔንሳቶውን የመታው። ኮምፔንሳቶው ድምፅ እንደሚበላባቸው ሰምቶ ሁለቱን ክፍል እየተመላለሰ አየና፣ «በር ላውጣላችሁ? ድካሙ ያው ነው» አለ።

«በር ማን አለህ?» አሉት ሁለቱም፣ አንዷ ከወዲህ አንዱ ከወዲያ፣ በአንድ አፍ። ከአባታቸው ሞት ወዲህ በአንድ ነገር ሲስማሙ የመጀመሪያቸው ነበር።

«እሺ፣ ምን ያህል ይሁን?»

ማሙሽ ስድስተኛውን ቅጽ አቀበለው። «ይቺን የምታሳልፍ ያህል።» አናጢው የመጽሐፉን ጠርዝ ጣውላው ላይ አስደግፎ በእርሳስ ዙሪያውን አሰመረና በመጋዝ ከፈተው። ደብዳቤ የሚጣልበት ዓይነት ቀዳዳ ሆነ። ሂሳቡን ተቀብሎ ሲወጣ ነርሷን በር ላይ አግኝቶ፣ «ጤነኞች ናቸው?» አላት። «እየተከታተልኩ ነው» አለችው።

ከቀዳዳው ወዲህ ሕይወት ተቃና፤ ድርሻ ከቤት አይወጣም የሚለውም ተረሳ። ሦስተኛው ሄደ፣ አራተኛው መጣ፣ አምስተኛው ሄደ። እናትየው እንደሞቱ አወቀች፤ ልጃቸው ሳይመጣ። አንደኛውን ግን በቃሏ ተረከችለት፤ ከእሱ የተሻለ የምታውቀው ነገር ማግኘቷ ደስ ስላላት መጽሐፉን ማስተላለፍ አልፈለገችም። እግሯ ዳነ፣ ጀሶው ተፈታ፣ መኪናዋ እንደገና ይንቋቋ ጀመር። ስድስተኛውን እሱ ቀዳዳው ጋ ቁጭ ብሎ ሲያነብላት እሷ ሽንሽን ትይዛለች። የመጨረሻው ገጽ ሲደርስ ግን መኪናዋን አቆመች።

ትንሹ ልጅ ሸምግሎ መጣ። ወንድሙ ቤት ደጃፍ ቆመ። ሊያንኳኳ እጁን አነሳ። ከውስጥ የወንድሙን ሳል ሰማ። እጁን አወረደና፣ «ነገ» ብሎ ተመለሰ። አለቀ።

«አለቀ ማለት?» አለች።

«አለቀ። ጀርባው ላይ የማተሚያ ቤቱ አድራሻ ነው ያለው።»

መጋረጃ ሰፊዋ ደሟ ፈላ። «ስድስት ቅጽ አስነብቦኝ! አንድ በር ማንኳኳት አቅቶት! ሳሉን እየሰማ!»

«ትልቁስ? ኮቴ አይሰማም? ወጥቶ ማየት ያቅተዋል?»

«ግትሮች ናቸው። ዘራቸው ሁሉ ግትር ነው።»

ነርሷ ከሥራ ገብታ ጫማዋን እያወለቀች ነበር። ቀዳዳውን አየች፣ ቀዳዳው ላይ የተለጠፈውን የባሏን አፍ አየች። «ጉድ ነው» ብላ ወደ ጓዳ ገባች።

ማሙሽ ስድስተኛውን ዘጋና፣ «እትዬ፣» አላት፤ እንዲህ ብሎ ከጠራት ስንት ጊዜው ነው። «የአጥሩን ነገር አንቺ እንደነገርሽኝ ጥፋተኛው ትልቁ ነው። እኔ የኋለኞቹን ሳነብ ግን ትንሹም የዋዛ አይደለም። እንዴት እንደጀመሩ ራሴ ልየው። አንደኛውን ስጪኝ።»

ልትከራከረው ነበር። ግን የአንባቢን ሆድ አንባቢ ያውቃል። አንደኛውን አንስታ ቀዳዳው ውስጥ አስገባችው። አንደኛው ግን የዘር ሐረጉንም ሁሉንም የተሸከመ፣ ከስድስቱ ወፍራሙ ነው። ግማሽ ድረስ ገብቶ ቀረ። ገፋችው፣ ማዶ ጎተተው። መጽሐፉ እኩሌታው ከእሷ ዘንድ፣ እኩሌታው ከእሱ ዘንድ ሆኖ፣ አጎት ቢያየው በደስታ እንባ እንደሚያፈስ ሆኖ ተሰነቀረ።

«አናጢውን ልጥራ?» አለ ማሙሽ።

«ለአንድ መጽሐፍ?»

እየነቀነቀች አወጣችው። ጫማዋን አደረገች። በበሯ ወጥታ፣ በግቢው ዞራ፣ የእሱ በር ጋ ቆመች። ከውስጥ ሳል ተሰማ። እጇን አነሳች፤ እጇን ስታነሳም ያ ደጃፍ ቆሞ የተመለሰው ሽማግሌ ትዝ አላትና በንዴት ጭምር አንኳኳች።

ማሙሽ ማጉያ መነጽሩ ግንባሩ ላይ እንዳለ ከፈተ።

«አልገባም ብሎኝ ነው» አለች መጽሐፉን እያሳየችው። «ሌላ ነገር እንዳይመስልህ።»

«ሌላ ምን ይመስለኛል። ግቢ።»

ገባች። የቆጠቆጣትን ስንዝር ከዚህ ወገን አይታው አታውቅም ነበር። ኮምፔንሳቶውን ከላይ እስከ ታች አየችው። ከዚህ ሲታይ ደግሞ በሌላኛው ጫፍ ወደ እሱ የገባ ይመስላል፤ አንድ ስንዝር ይሆናል። ዞር ብላ ወንድሟን አየችው፣ እሱም መጽሐፉን። ስለ ስንዝሩ አልተነጋገሩም። እሱ ወንበር ሳበላትና የበር አቧራ የጠገበውን መጽሐፍ ገለጠ፤ አቧራው ተነሳ፤ ማሙሽ አስነጠሰ።

«ይማርህ» አለችው። «ከዘር ሐረጉ ጀምር፤ ኋላ ማን ናት እያልክ እንዳታስቸግረኝ።»