ለዴትሌፍ ራውሽ የተሰጠ ቃል

ኢነስ ካልቶፈንን ቆንጆ ናት ብሎ ያልሰደባት ሰው አላውቅም። አዎ፣ ስድብ ነው ያልኩት። ምክር ቤት ውስጥ ተነስታ ስለ ጡረታ ስትናገር ከወዲያኛው ወንበር «ንግሥት ሆይ፣ ዘውዱስ?» ይሏታል። የገዛ ፓርቲዋ ሰዎች ደግሞ ፎቶዋን በየመብራት ምሰሶው ላይ ሰቅለው ሲያበቁ፣ ስብሰባ ላይ ሐሳብ ስታቀርብ ሰዓታቸውን ያያሉ። እኔ ሮዝቪታ የምርጫ ወረዳ ቢሮዋን እይዝ ነበር፤ መኪናዋንም የምነዳው እኔ ነበርኩ። ያደግነውም አንድ መንደር፣ ሌስኪትስ ነው። ስለዚህ የሰማሁትን ሳይሆን ያየሁትን ነው የማወራው።

ዘውዱን የደፋችው የበርሊን ግንብ በፈረሰ ማግስት፣ በከሰል ማዕድኑ ሠራተኞች አዳራሽ ውስጥ ነው። ከምዕራብ ጀርመን የቁንጅና ውድድር ዳኞች መጡ፤ የእኛ ሴቶች ልጆች በተዋሱት የዋና ልብስ መድረክ ላይ ወጡ። ኢነስ መጀመሪያ የወረዳው፣ ቀጥሎ የክፍለ ግዛቱ ቆንጆ ተባለች። የሸለሟት ያገለገለች መኪና ሁለተኛ ክረምት እንኳ አልደፈነችም። አባቷ ኤርቪን ዘውዱን አገላብጦ አየና «ቆርቆሮ ነው» ብሎ ድንቹን በተልባ ዘይት መብላቱን ቀጠለ። ኤርቪን እንዲህ ነው፤ ልጁን ይወዳታል፣ ሲያመሰግናት ግን ሰምቼ አላውቅም።

ይህ ሰው ዕድሜውን ሙሉ የነዳው ከቤተ ክርስቲያን ማማ የሚረዝመውን የከሰል መቆፈሪያ ማሽን ነው። የጎረቤት መንደሮችን ያ ማሽን አንድ በአንድ ሲበላቸው ኤርቪን ላዩ ላይ ተቀምጦ ነበር። አንድ ቀን በቢራ ሞቅ ብሎት «ግድግዳው ሲሰነጠቅ የሰው መኝታ ቤት ይታያል። አበባ ያለበት የግድግዳ ወረቀት። ደግሞ ሁሌ አበባ ያለበት ነው» አለኝ። ከሰሉ በሌስኪትስ ሥር እንደሚያልፍ ሲወራ ከሁላችንም በፊት የደነገጠው እሱ ነው።

ኢነስ ፖለቲካ የገባችው ለዚህ ነው። ፓርቲው የፈለገው ፊቷን ነበር፤ እሷ የፈለገችው ወንበሩን። በምርጫው ዋዜማ በመንደራችን መጠጥ ቤት ቆማ «እኔ ምክር ቤት እያለሁ ሌስኪትስን ማንም አይነካትም» አለች። ሰው አጨበጨበ። ኤርቪን ከኋላ ሆኖ «ሰምተናል» አለ።

የእኛ ፓርቲ ተቃዋሚ ነበር፤ የክፍለ ግዛቱ መንግሥት በምክር ቤቱ ብልጫ የነበረው በአንድ ወንበር ነው። እንዲህ ባለ ምክር ቤት አንድ ያልተጻፈ ልማድ አለ። ከአንደኛው ወገን ሰው ሲታመም ከሌላኛው ወገን አንዱ ድምፅ ሳይሰጥ ውጭ ይቆይለታል። ጥንድ መሆን ይሉታል። የሚያስገድድ ሕግ የለውም፣ ቃል ብቻ ነው። ቃሉን ያጠፈ ሰው ግን ከዚያ ወዲያ ምሳውን ብቻውን ነው የሚበላው።

በክረምቱ አጋማሽ ከመንግሥት ወገን ዴትሌፍ ራውሽ የሚባል ሽማግሌ በሳንባ በሽታ አልጋ ያዘ። የቀድሞ ማዕድን ቆፋሪ ነው፤ ከሰል ከቆመ የእኔ ከተማ ትራባለች የሚል፣ እስከ አጥንቱ ባላጋራችን። ጥንድ ትሁነኝ ብሎ ያስጠራው ኢነስን ነበር። ሆስፒታል ሄድን።

«ለምን እኔን?» አለችው።

«ሌሎቹ ተናጋሪዎች ናቸው፣ ወይዘሮ ካልቶፈን። እርስዎ ያሉትን ያደርጋሉ። ፊት ለፊት ተቀምጬ አይቻለሁ።» ሳለና ትንፋሹን ሰበሰበ። «ያን የዘውድ ቀልድ የጀመርኩት እኔ ነኝ። ይቅር ይበሉኝ።»

እስኪድን ጥንዱ ልትሆን ቃል ሰጠችው። ያን ጊዜ ስለ ሌስኪትስ ሕግ ይቀርባል ብሎ ያሰበ ሰው አልነበረም። መኪና ውስጥ ስንገባ አለቀሰች። ስለ መልኳ አንድ ነገር ሳይል ያከበራት የመጀመሪያው ፖለቲከኛ እሱ ነበር። ሰው ጠፍቶ ጠላታችን!

በጸደይ መንግሥት መንደራችንን የሚያፈርሰውን ሕግ አቀረበ፤ ድምፅ የሚሰጠው ሐሙስ ሆነ። ሂሳቡ የሕፃን ሂሳብ ነው። ራውሽ ታሞ ኢነስ ከገባች ድምፁ እኩል ለእኩል ይሆናል፤ እኩል የሆነ ሕግ ደግሞ ይወድቃል። ኢነስ ውጭ ከቀረች በአንድ ድምፅ ያልፋል። የፓርቲያችን መሪ ሺርመር በአደባባይ «ልማድ አናፈርስም፤ ነገ የእኛ ሰው ቢታመምስ?» ይል ነበር። በጓዳ ግን ራውሽ ቢሞት ጥንዱ እንደሚፈርስ አስልቶ፣ በየማለዳው ሆስፒታል ያስደውል ነበር።

ይህን የነገረችን የራውሽ ሚስት ጊዝላ ናት። ልንጠይቀው ስንሄድ ኮሪደሩ ላይ ጠብቃ ያዘችን።

«የእናንተ ሰዎች ጠዋት ጠዋት ይደውላሉ» አለች። «አበባ እንላክ ወይ አይሉም። አሁንም አለ ወይ ነው የሚሉት። እሱም አውቋል። የሕመም ማስታገሻ አልወጋም ብሏል፤ ከተኛሁ አልነቃም፣ ሐሙስን አላያትም ይላል። ሌሊቱን ሙሉ ይጮኻል።»

ኢነስ ገባች። እኔ በሩ ላይ ቀረሁ። ሰውዬው አንሶላውን ጨምድዶ ይዞ ጥርሱን ነክሷል፤ ላቡ ጆሮው ውስጥ ይወርዳል። አጠገቡ ተቀምጣ እጁን ከአንሶላው ላይ አላቀቀችው።

«አቶ ራውሽ፣ መርፌውን ይወጉ። ቢሞቱም ባይሞቱም ሐሙስ አልገባም።»

ጭንቅላቱን ከትራሱ ቀና አደረገ። «መንደርዎስ?» አለ።

ኢነስ ተነሣች። ነርሷን ጠራች።

መኪና ውስጥ ጮኽኩባት። «አብደሻል? አባትሽን ምን ልትዪው ነው?»

«አላውቅም።»

«መንደሩን ሙሉ ለአንድ መርፌ!»

«ሰው እየተሠቃየ ነው፣ ሮዚ። እንዲሞት የምንጠብቀው ደግሞ እኛ ነን» አለችና ፊቷን ወደ መስኮቱ አዞረች። ያን ምሽት እኔ፣ ከሰል የሚሉ ሰዎችን ስም እንኳ መስማት የማልወድ ሴት፣ ራውሽ ሐሙስን እንዲሻገር ጸለይኩ። በሕይወት ካለ የሚወቀሰው ልማዱ ነው፤ ከሞተ ግን ዕዳው የኢነስ ብቻ ይሆናል።

ሐሙስ ማለዳ ሞተ። ተኝቶ ነው የሞተው።

ምክር ቤቱ ኮሪደር ላይ ሺርመር እየሮጠ መጣ። እንዲያ ደስ ብሎት አይቼው አላውቅም፤ ነገሩን ለማለዘብም አልሞከረም። «ጥንድሽ ሞቷል! ነፃ ነሽ፣ ኢነስ። ጥንድነት ከሕያው ሰው ጋር ነው፤ እነሱም ይህን አይክዱም።»

«ቃል ሰጥቻለሁ።»

«ለማን? ለሬሳ?»

«ሳይሞት ነው የሰጠሁት።»

«ከቁንጅና ውድድር ሰው ስናመጣ…» ብሎ ጀመረና እኔን ሲያይ ዋጠው። እኔ ግን በዚያች ሰዓት ከእሱ ጋር ነበርኩ። ክንዷን ያዝኩ። «ለኤርቪን ስትዪ ግቢ። ማንም አይፈርድብሽም። እባክሽ።»

ደወሉ ተደወለ። ኢነስ ካፖርት መስቀያው ሥር ካለው አግዳሚ ላይ ተቀመጠች። በሁለት እጇ የአግዳሚውን ጠርዝ ጨብጣ ያዘች። ሰዎች በፊቷ አለፉ። ከመንደራችን የመጡት በላይኛው የእንግዶች ሰገነት ተቀምጠው ባዶ ወንበሯን ያያሉ። በሩ ተዘጋ። ልነሣ ብትል አልከለክላትም ነበር፤ ጎትቼ ባስገባትም ደስ ይለኝ ነበር። አልተነሣችም።

ሕጉ በአንድ ድምፅ አለፈ። ሲወጡ ከራውሽ ወገን አንድ አዛውንት ቆም ብሎ አንገቱን ዝቅ አደረገላት። በማግስቱ ጋዜጣው የድሮውን የዋና ልብስ ፎቶ አውጥቶ «መንደሯ ሲፈረድባት ንግሥቲቱ ደጅ ነበረች» አለ። የመርፌውን ነገር እንዳወራ ብለምናት እምቢ አለች። «ሰውዬው ራሱ ሲሠቃይ ጋዜጣ አልጠራም፤ እኔም አሁን አልጠራበትም።» ጊዝላም ምንም አልተናገረችም። በሚቀጥለው ምርጫ ሺርመር ስሟን ከዕጩዎች ዝርዝር አወጣው፤ የተቃወመ የለም።

ለአባቷ ግን ሄዳ ነግራዋለች። ኤርቪን በሩን አልከፈተላትም፤ ከውስጥ ሆኖ እስከ መጨረሻው ሰማትና መብራቱን አጠፋ።

በኅዳር መቃብሮቹ ተነሡ። የማዕድን ድርጅቱ ቤት ሲያፈርስ ሙታንንም ነዋሪው ወደሚሰፍርበት አዲስ ቦታ ያዛውራል፤ ሠራተኞቹ በሸራ ጋርደው ይቆፍራሉ፣ ቤተሰብ ከሸራው ውጭ ይጠብቃል። ብዙ የቆየ ሬሳ ሣጥን አይሞላም፤ ያለውን በትንሽ የእንጨት ሳንዱቅ አድርገው ለዘመድ ይሰጣሉ። የኢነስ እናት የማርጎት ተራ ሲደርስ ኤርቪን በጥቁር ሱፉ ቀረበ። ኢነስ መጥታ አጠገቡ ቆመች። ሰው ሁሉ ከእሷ ራቅ ብሎ ቆመ።

«እኔ ልሸከማት፣ አባዬ» አለች።

ኤርቪን ዞሮ አያት። ከዚያ ሐሙስ ወዲህ ሲያናግራት ያኔ መጀመሪያው ነው። ድምፁ ቁጣ አልነበረበትም፤ ቢኖረው ይሻል ነበር።

«ለዚያ ሰውዬ ቃል ሰጥተሽ፣ ሞቶም እንኳ ጠበቅሽለት። ደግ ነው። እኔ አልችለውም ነበር። ግን ለእነዚህ ሰዎችስ ቃል አልሰጠሻቸውም?»

«ሰጥቻቸዋለሁ» አለች ኢነስ። አልዋሸችም፣ ሰበብም አልፈለገችም።

ሠራተኛው ሳንዱቁን ዘረጋ። እሷም እጇን ዘረጋች። ኤርቪን ሳንዱቁን ተቀበለ፣ ትንሽ ጊዜ ደረቱ ላይ ያዘው፤ ከዚያ በእጇ ላይ አሻግሮ ወደ እኔ ዞረ።

«ሮዝቪታ፣ ጉልበቴ አይችልም። አንቺ ያዢልኝ።»

እምቢ ማለት እችል ነበር። «ልጅዋ እዚህ ቆማ የለ?» ማለት እችል ነበር። ሰው ሁሉ ያየኛል፤ እኔም እነሱን ፈራሁ፣ በእሷም ገና ተናድጄ ነበር። ተቀበልኩት። ሳንዱቁ ቀላል ነበር። ከኤርቪን ጋር ወደ መኪናዎቹ ሄድን፣ መንደሩም ተከተለን። ኢነስ ከሁሉም ኋላ ብቻዋን ትመጣ ነበር፤ የጠበቃት ሰው አልነበረም።