ሳይነበብ የጸደቀው ገጽ

«አዲሱ ፕሮግራም ዛሬ ጠዋት ተለቀቀ። ድካሙ ከንቱ አልቀረም» አላት ፕሮግራሙን ከሟች ወንድሟ ጋር ይሠራ የነበረ ወጣት ባልደረባ፣ ማጽናናቱ ነበር። እህትየው ግን ልቧ ስንጥቅ አለ። የያዘችውን ስኒ አስቀመጠች።

ዘመድ «ቀይ እስክሪብቶ» ይላታል። ሃያ ዓመት ቋንቋ አስተምራለች፤ በዚህ በሦስተኛው የሐዘን ቀን እንኳ የሚላክላትን የማጽናኛ መልእክት በሆዷ ሳታርም አላለፈችም። ታናሽ ወንድሟ ደግሞ በትርፍ ጊዜው፣ ክሊኒኮች የሕሙማን መዝገብ የሚይዙበትን የኮምፒውተር ፕሮግራም ከሌሎች በጎ ፈቃደኞች ጋር ይሠራ ነበር። ማንም በነጻ ይወስደዋል፤ የቻለም ያሻሽለዋል። «እትዬ፣ እኛ ኮድ እንጂ ሰዋስው አናውቅም፤ መመሪያውን አርሚልን» ብሎ ሥራው ውስጥ አስገባት። እሷ ታርማለች፣ እሱ አንብቦ ያጸድቃል። ሳያነብ አንዲት መስመር አሳልፎ አያውቅም።

ከሁለት ሳምንት በፊት ግን ታመመ። ጉንፋን መሰላት።

«ስድስት ቀን ሙሉ ገጼን አላየህልኝም! ዛሬ ካላጸደቅህ ተቀየምኩህ» አለችው በስልክ።

ሊስቅ ሲል ሳል ቀደመው። «እሺ እትዬ፣ አንቺን አምኜ» አለና ሳያነብ አጸደቀው። ከዚያ በአራተኛው ቀን ሞተ።

ዛሬ ከአዲሱ ፕሮግራም ጋር በወጣው በዚያ ገጽ ላይ «መጀመሪያ ቅጂ አስቀምጡ» የሚል ማስጠንቀቂያ ሁለት ቦታ ነበር፤ አንዱ መግቢያው ላይ፣ ሌላው ወደ አዲሱ ሲዛወሩ አሮጌውን መዝገብ ከሚያጠፋው ትእዛዝ አጠገብ። መደጋገም አትወድምና የታችኛውን ሰረዘችው። መመሪያን ከላይ ጀምሮ የሚያነብ ማን እንዳለ አሁን ነው ራሷን የጠየቀችው። ሥራ የበዛባት ነርስ ዘላ ትእዛዙ ላይ ትወርዳለች። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች ይባላል፤ ይኼ ግን አንዴ ከፈሰሰ አይለቀምም። ከገጹ ግርጌ ደግሞ አጽዳቂ ተብሎ የተጻፈው የወንድሟ ስም ነው።

ብድግ ስትል አክስቷ ቀሚሷን ያዙ። «ወዴት ነው? ሰው ሊያጽናናሽ እየመጣ!»

«መጣሁ፣ አክስቴ።»

ባልደረባውን እየጎተተች ወንድሟ ክፍል ገባች። ጉዳዩን ነግራው ላፕቶፑን ከቦርሳው አስወጣችው።

«መዝገብ ጠፋብኝ ያለ አለ?»

«እስካሁን የጮኸ የለም።»

«ደህና ሆኖ ነው ወይስ ገና ሳያውቅ?»

ላፕቶፑን ከፍቶ ወደ እሷ ገፋላት። እሷም የሰረዘችውን ማስጠንቀቂያ ወደ ቦታው መለሰች። የሚቀረው የሁለተኛ ሰው ማጽደቅ ብቻ ነበር።

«በቃ፣ ላጽድቀው። ሰው ይጠብቅዎታል» ብሎ እጁን ሲሰድ የእጁን አንጓ ጨምድዳ ያዘችው።

«አንብበው!»

«አንድ መስመር እኮ ነው። የእርስዎን ጽሑፍ ደግሞ ማን ይጠራጠራል?»

«ገጹን በሙሉ። ጮክ ብለህ!»

ደንግጦ ከርዕሱ ጀመረ። ሳሎን ውስጥ አዲስ ለቀስተኛ ገብቶ ስሟን ይጠራል። እሷ አልሰማችም። ወጣቱ የመጨረሻዋን ቃል አንብቦ እስኪጨርስ ድረስ እጁን አልለቀቀችም።