ያልገባቸው ሠላሳ ስምንት ሰዎች

መሥሪያ ቤቱ ውስጥ ሁሉም ሰው እርሳስ ነው የሚላት። ቅጽል ስሙን ያወጣላት ፕሮፌሰሩ ነው፤ መጠይቅ በእስክሪብቶ ይሞላል የሚለውን ደንብ ጥሳ፣ «ሰው ሐሳቡን ይቀይራል፤ ላጲስ ያስፈልገዋል» ብላ አንድ እሽግ እርሳስ ይዛ የመጣች ቀን። ስሙ ለፌዝ ወጣ፣ ለመጠሪያ ቀረ። እሷም ቅር አላላትም። እርሳሷን ጆሮዋ ላይ እንደሰካች ነበር ምሳ የምትበላው።

ሥራዋ ጥያቄ ተሸክሞ መዞር ነው። እዚያ የፍልስፍና ክፍል ውስጥ መጽሐፍ ያገላበጡ ሰዎች ሞልተዋል፤ ጫማቸውን የጨረሱ ግን ከእሷ በቀር የሉም። ቢሆንም ፕሮፌሰሩን ታከብረው ነበር፤ ያውም ከልቧ። የተቀጠረች ቀን የነገራትን አትረሳም። «ፈላስፎች ዕድሜያቸውን ሙሉ ወንበር ላይ ተቀምጠው ‹ማንም ሰው እንደሚያውቀው› እያሉ ይጽፋሉ» አላት። «ማንን ጠይቀው ነው? እኛ ወጥተን እንጠይቃለን።» ይህች «ወጥተን እንጠይቃለን» የምትል ነገር አንጀቷን አራሰችው። ጠይቆ መልሱን የሚሰማ አለቃ በሕይወቷ አጋጥሟት አያውቅም ነበርና።

አሠራሩ ቀላል ነው። ወረቀቱ ላይ አንድ አጭር ታሪክ አለ። ከታሪኩ ሥር «ማጣሪያ» የምትባል ጥያቄ ትመጣለች፤ መልሷ እዚያው ታሪኩ ውስጥ ነው፤ ሰውየው አንብቦ ገብቶት እንደሆነ ማወቂያ ናት። ቀጥሎ ዋናው ጥያቄ፦ ባለታሪኩ ምን ያህል ጥፋተኛ ነው? ከአንድ እስከ ሰባት ካሉት ቁጥሮች አንዱን ያክብቡ። ማጣሪያዋን የሳተ ሰው ወረቀቱ ላይ «ያልገባው» የሚል ማኅተም ይመታበትና ካርቶን ውስጥ ይጣላል። ያከበበውም ቁጥር አብሮት ይቀበራል።

በዚያ ወር የመጣው ታሪክ እንዲህ ይላል። «አንድ ሾፌር ጠዋት አውቶቡሱን ሊያወጣ ሲል መካኒኩ ‹ፍሬኑን ተጠንቀቅ› አለው። ሾፌሩ አውቶቡሱን አወጣ። ቁልቁለት ላይ ፍሬኑ እንቢ አለውና ሰው ተጎዳ።» ማጣሪያ፦ «ሾፌሩ ፍሬኑ ችግር እንዳለበት ያውቅ ነበር? አዎ ወይስ አይ?» በፕሮፌሰሩ ዘንድ ትክክለኛው መልስ አዎ ነው።

እርሳስ ይህን ሁለቴ አነበበችው። ፕሮፌሰሩ ታሪኩን ከጭንቅላቱ ያፈለቀው ይመስለዋል፤ እሷ ግን በደንብ ታውቀዋለች። አባቷ ሃያ ሁለት ዓመት አውቶቡስ ነድቷል። ከአሥራ አንድ ዓመት በፊት አንድ ጠዋት ፍሬን እንቢ ብሎት ከግንብ ጋር ተላተመ፤ የአንዲት ተሳፋሪ ክንድ ተሰበረ። ሦስት ሰዎች ጠረጴዛ ዙሪያ ተቀምጠው «ተነግሮሃል ወይስ አልተነገረህም?» አሉት። «ተነግሮኛል፣ ግን...» ሲል «ግን የለም! አዎ በል ወይም አይ በል» አሉና በእስክሪብቶ ጻፉ። በዚያው ተባረረ። ከዚያ ወዲያ ስለ ጋራዥ አንዲት ቃል ተንፍሶ አያውቅም። እሷም «ግን» ብሎ ምን ሊል እንደነበር አልጠየቀችውም። እውነቱን ለመናገር ፈርታ ነው። ከ«ግን» በኋላ ምንም ባይኖርስ?

ለፕሮፌሰሩ ይህን አልነገረችውም። ጠያቂ የራሱን ጉድ ወደ ሥራው አያመጣም። ጥርሷን ነክሳ፣ በአባቷ ላይ የሚፈርዱ ሁለት መቶ ሰዎች ፍለጋ ወጣች።

ክሊኒክ ወረፋ የሚጠብቁትን፣ ባንክ ደጃፍ የተኮለኮሉትን፣ ልብስ ሰፊዎቹንና ፀጉር አስተካካዮቹን እያለች መቶ ስድሳ ሰው ጠየቀች። መቶ ሃምሳ አንዱ አዎ አሉ። «ነግሮታል እኮ! ጆሮ የለውም እንዴ?» አለች አንዷ ልብስ ሰፊ፣ ሰባት ቁጥርን ሁለቴ አክብባ። እርሳስ እያንዳንዷ አዎ አንጀቷን ብትቆርጠውም እንደተሰጣት ተቀበለች፤ አንዱንም አልነካችም፤ መልስ አትሰርቅም። አይ ያሉት ዘጠኙ ላይ ማኅተሙን መታችባቸው። ለምን ብላ አልጠየቀችም፤ ደንቡ ለምንን አያውቅም።

የቀሩትን አርባ ለመሙላት ወደ አንድ የአውቶቡስ ጋራዥ ሄደች። አባቷ የሠራበት አይደለም፤ ሆን ብላ ሌላ መረጠች። ሾፌሮቹና መካኒኮቹ ግራሶ በነካው እጃቸው እርሳስ እየተቀባበሉ፣ እየተፎጋገሩም ሞሉ። ወረቀቶቹን ሰብስባ ስታገላብጥ አንደኛው አይ፣ አምስተኛው አይ፣ አሥራ ሦስተኛው አይ። ከአርባው ሠላሳ ስምንቱ አይ ብለዋል። አዎ ያሉት ሁለቱ ባለፈው ሳምንት የተቀጠሩ ናቸው።

«ታሪኩን በደንብ አንብባችሁታል?» አለች ለዋናው መካኒክ፣ ሁሉም ጋሽ ብሎን ለሚለው ግዙፍ ሰውዬ።

«ማንበብማ አንብበናል፣ ልጄ። የጻፈው ማነው ግን? የጋራዥ ደጃፍ ረግጦ ያውቃል?»

«መካኒኩ ነግሮታል ይላል እኮ፣ ጋሼ።»

ጋሽ ብሎን ሆዱን ይዞ ሳቀ። «እኔ በየጠዋቱ ለስንቱ ነው ‹ፍሬኑን ተጠንቀቅ› የምለው? ለሃምሳ ስድስት ሾፌር! የወንበሩ ላስቲክ ገና ያልተላጠለትን አዲስ አውቶቡስ ለሚነዳውም እላለሁ። እንዴት አደርክ እንደማለት ነው። ደግሞ አንድ ነገር ቢመጣ ‹ነግሬው ነበር› ለማለት ያህል ነው፤ ምን አስዋሸኝ? ለሁሉም እያልኩት ማን ይሰማኛል?»

«እውነት የተበላሸ ቀንስ?»

ጣቱን ወደ ግድግዳው ቀሰረ። የቁልፍ ሰሌዳው ላይ ሚስማሮች ተደርድረዋል፤ ጥግ ላይ ያለው አንዱ ቀይ ተቀብቷል። «ያን ቀን አፌን አላለፋም። ቁልፉን ቀዩ ላይ እሰቅላለሁ፣ አለቀ። ቀዩን የሚነካ ሾፌር የለም። እዚህ ሚስማር ነው፤ ሌላ ጋ ሌላ ነገር ይሆናል፤ ቁልፍ የሚያዝበት ቦታ የሌለው ጋራዥ ግን አላየሁም። ቁልፉን በእጄ ከሰጠሁትማ ሂድ ብዬዋለሁ። እና ያንቺ ሾፌር ቁልፉን ከማን ተቀበለ? እስቲ ወረቀትሽን ጠይቂው።»

ወረቀቱ መልስ የለውም። ጠርዙን ስታይ ግን ሠላሳ ስምንቱም በየራሳቸው የእጅ ጽሑፍ ይህንኑ ጫር ጫር አድርገው ኖሯል፤ አንዱ አሳጥሮ፣ አንዱ ተቆጥቶ፣ አንዱም ፊደል ገድፎ። ከላይ ያለው «ቁልፉን ማን ሰጠው?» ይላል።

ቤቷ ስትደርስ ፀሐይ ገና አልጠለቀችም። አባቷ በረንዳው ላይ የተነቃነቀ ወንበር ይጠግናል። ቦርሳዋን ሳታወርድ አጠገቡ ቁጭ አለች።

«አባዬ፣ ያን ቀን ቁልፉ የት ነበር?»

መዶሻው አየር ላይ ቀረ። የትኛው ቀን ብሎ አልጠየቃትም።

«ሳጥን ነበረችን» አለ። «መካኒኩ ጠረጴዛ ላይ የምትቀመጥ የብረት ሳጥን። የተበላሸ መኪና ቁልፍ እዚያ ውስጥ ይገባና ይቆለፍበታል። የኔ ቁልፍ ሳጥኑ ውስጥ አልነበረም። ራሱ ነው በእጁ የሰጠኝ፤ ‹ፍሬኑን ተጠንቀቅ› እያለ እንደ ሁልጊዜው። ሦስቱ ሰዎች ቁልፍ እስክል መቼ ጠበቁኝ?» አውራ ጣቱን በሚስማሩ ራስ ላይ አሻሸ። «አሥራ አንድ ዓመት ይህን የሚጠይቀኝ ሰው ስጠብቅ ነበር። አንቺም አልጠየቅሽኝ።»

እርሳስ አለቀሰች። ለእሱ ብቻ አይደለም። ጥያቄ ተሸክማ ሰፈር ለሰፈር ስትንከራተት የገዛ አባቷን መዝለሏ አንገበገባት። እሱ ወንበሩን እስኪጨርስ አጠገቡ ቁጭ ብላ ሚስማር ታቀብለው ነበር።

በማግስቱ ወረቀቶቹን ፕሮፌሰሩ ጠረጴዛ ላይ ዘረገፈቻቸው። ማኅተም አልመታችባቸውም። በጥጉ የስታቲስቲክስ ባለሙያው ኮምፒውተሩ ላይ ተደፍቷል። ፕሮፌሰሩ አገላብጦ ራሱን ነቀነቀ።

«ከአርባ ሠላሳ ስምንት! ጋራዡን እንዳለ እናውጣው። አልገባቸውም።»

«ከእርስዎም ከእኔም በላይ ገብቷቸዋል» አለች እርሳስ። «ጠርዙን ያንብቡት።»

«ጠርዝ አይቆጠርም፤ ይህን አንቺው ታውቂያለሽ።» ፕሮፌሰሩ ክፉ ሰው አይደለም፤ ድምፁን አለዘበ። «ስሚኝ፣ እርሳስ። ማጣሪያ ከሌለ ዓይኑን ጨፍኖ ያከበበው ሁሉ ሊቆጠር ነው። መልስ ባልጣመን ቁጥር ማጣሪያችንን ከጣልን የምንሠራው ምርምር ሳይሆን ወሬ ነው።»

የሚለው እውነት ነው። ያበገናትም እውነት መሆኑ ነው።

«መልሱ ስላልጣመን ሰውየውን ብንጥልስ? እሱም ያው ወሬ ነው» አለች። «ወጥተን እንጠይቃለን ብለውኝ ነበር። ወጣሁ፣ ጠየቅሁ። ‹ጥያቄያችሁ ጎዶሎ ነው› ብለው መለሱልኝ። ይኼ መልስ አይደለም? መንገድ ላይ አይ ያሉኝን ዘጠኝ ሰዎች ለምን ብዬ አልጠየቅኳቸውም፤ የኔም ጥፋት አለበት። እነዚህን ግን አልጥልም።»

«ለሚቀጥለው ጥናት ጥሩ ሐሳብ ነው» አለና አንድ ቅጽ ገፋላት። «ሠላሳ ስምንቱ ተሳታፊዎች ታሪኩ ስላልገባቸው መወገዳቸውን አረጋግጣለሁ» ይላል፤ ከሥሩ የጠያቂ ፊርማ። «ሦስት ዓመት በኮንትራት ሠርተሻል። ቋሚ ቅጥርሽ ከዚህ ሪፖርት ጋር አብሮ ነው የሚሄደው። ነገ ፈርመሽ አምጪው።»

«ለነገ አላደርሰውም። አሥር ደቂቃ ይስጡኝ።»

ባለሙያውን ከወንበሩ አስነሥታ ኮምፒውተሩ ላይ ተቀመጠች። የቁልፎቹ ድምፅ ክፍሉን ሞላው፤ ማተሚያው አንዲት ወረቀት ተፋ። እርሳስ ወረቀቷን ፕሮፌሰሩ ፊት አኖረች፤ ጆሮዋ ላይ ያለውን እርሳስ ነቅላ ሰጠችው።

«አንድ ተሳታፊ ጎድሎኛል» አለች።

ፕሮፌሰሩ ፈገግ ብሎ ድምፁን እያሰማ አነበበ። «አንድ ተመራማሪ ጥናቱን ሊያወጣ ሲል ጠያቂዋ ‹ጥያቄውን ተጠንቀቅ› አለችው። ተመራማሪው ጥናቱን አወጣ። ሠላሳ ስምንት ሰዎች ተጎዱ። ማጣሪያ፦ ተመራማሪው ጥያቄው ችግር እንዳለበት ያውቅ ነበር? አዎ ወይስ አይ?»

ከልምድ የተነሣ እጁ ሳያስበው «አዎ»ን አከበበ። ነግራዋለች ይላላ! ከዚያ ያከበበውን አየና ፈገግታው ተነነ። አዎ ከሆነ እያወቀ ነው የጎዳቸው። «አይ»ን ሊያከብብ እጁን ሰደደና መሃል ላይ ቆመ፤ አይ ካለ ደግሞ መነገር ማወቅ አይደለም ማለት ነው፤ ሠላሳ ስምንቱ ልክ ናቸው። ባለሙያው አንገቱን አስግጎ ያያል። ፕሮፌሰሩ ጠርዙ ላይ መጻፍ ጀመረ፦ «ይህ እንግዲህ የሚወሰነው...»

«ጠርዝ አይቆጠርም፣ ፕሮፌሰር» አለች እርሳስ። ከኪሷ ማኅተሙን አውጥታ ወረቀቱ አጠገብ አስቀመጠችው፤ «ያልገባው» የሚለው ፊቱ ወደ እሱ ዞሯል።

ባለሙያው ሳቁ አመለጠውና ሳል አስመሰለው። ፕሮፌሰሩ አልሳቀም። ጆሮው ቀልቷል።

«ላጲስ አለሽ?» አለ።

ላጲሱ እንደ ወትሮው ቦርሳዋ ውስጥ ነበር። አላወጣችውም። ያልተፈረመውን ቅጽ ወደ እሱ መልሳ ገፋች፤ ሠላሳ ስምንቱን ወረቀቶች አስተካክላ ከላዩ ጫነቻቸው።

«አባቴ ሾፌር ነበር» አለች። «እሱንም እንዲህ አዎ በል፣ አይ በል ብለው ሲጠይቁት ላጲስ የሰጠው የለም። ቅጥርዎን ይያዙት። ፊርማዬን አያገኟትም፤ እነዚህ ሰዎች አልገባቸውም የሚል ነገር በእጄ አይጻፍም።»

ፕሮፌሰሩ የላይኛውን ወረቀት ሳብ አደረገና ዓይኑን ጠርዙ ላይ አሳረፈ፤ በግራሶ የተነካካውን ጽሑፍ ቀስ ብሎ አነበበ።

«ቁልፉን ማን ሰጠው?»

«አሁን ገና ጠየቁ» አለች እርሳስ፣ ወንበር ስባ እየተቀመጠች።