ነፋስ የጠፋበት ሳምንት

ከተማዋ የተቀመጠችው ኮረብቶች እንደ ሳህን ከንፈር በከበቧት ጎድጓዳ ላይ ነው። ነፋስ ሲኖር ይህን ልብ የሚል የለም። ነፋስ ሲጠፋ ግን የምድጃው፣ የመኪናው፣ የጡብ ፋብሪካው ጭስ መውጫ አጥቶ ጣሪያ ለጣሪያ ይንሳፈፋል፤ ሰውም ወተት ውስጥ እንደሚሄድ ሁሉ በቀስታ ይራመዳል።

የማዘጋጃ ቤቱ አየር ለኪ አንዲት ወጣት ሴት ነበረች። በየማለዳው አራት ፎቅ ወጥታ ጣሪያው ላይ ካለው የጭስ መለኪያ መሣሪያ ቁጥሩን ታነባለች፣ መዝገቡ ላይ ታሰፍራለች፣ ወርዳም በድምፅ ማጉያ ለከተማው ታሳውቃለች። ቁጥሩ ከመቶ በታች ከሆነ ደጅ ላይ ቅጠልና ጭራሮ ማቃጠል ይፈቀዳል። ከመቶ ካለፈ፣ «ዛሬ እሳት የለም» ትላለች። በደረቁ ወራት ይህን ስለምታበዛ ሰዉ ስሟን ትቶ «እሳት የለም» ይላት ጀመር። ዳቦ ልትገዛ ስትገባ እንኳ ዳቦ ጋጋሪው፣ «ኧረ እሳት የለም መጣች፣ ምድጃውን ደብቁ!» እያለ ሰልፈኛውን ያስቃል። እሷም አብራ ትስቃለች።

እናቷ ስትሞት ገና የአራት ዓመት ልጅ ስለነበረች ያሳደገቻት አክስቷ ናት። አክስቷ ከከተማው ዳር፣ ከቤቷ ጓሮ አርባ የኮክ ዛፎች አሏት። በዚያ ዓመት ዛፎቹ ነቀዝ ገባባቸው። ግንዱ ሙጫ ያነባል፣ ቅርንጫፉ ከጫፉ ይደርቃል። የግብርና ባለሙያው መጥቶ ቅርፊቱን በሴንጢ ላጥ አደረገና፣ «የታመመውን ቆርጠው ያቃጥሉ፤ ትሉ ክንፍ አውጥቶ ከበረረ ጤነኛውንም አይምርልዎትም» አላት። አክስት ሁለት ቀን ሙሉ ስትቆርጥ ዋለች። ክምሩ ቤት አከለ። በሦስተኛው ቀን ክብሪት ይዛ ስትወጣ ነፋሱ ጠፋ።

መቁረጥ በጀመረች በሰባተኛው ቀን አክስት ማዘጋጃ ቤት ድረስ መጣች።

«አንቺ ልጅ፣ እሳቱ መቼ ነው የሚፈቀደው?»

«ነፋስ ሲመጣ ነው እቴቴ።»

«ያንን ቁጥር የሚያነበው ማን ነው?»

«እኔ ነኝ።»

«ሌላስ?»

«ሌላ የለም።»

አክስት የልጇን ኮሌታ አስተካከለችላት፣ ትከሻዋ ላይ ያረፈ አንድ ክር በጣቷ አነሳችላትና ሄደች። ልጅቱ ግን ያልተባለው ሁሉ ገባት።

በማግስቱ ጣሪያው ላይ ስትወጣ ከተማዋ የለችም። ከእግሯ በታች ነጭ ነገር ብቻ ተንጣልሏል፤ የኮረብቶቹ ጫፎች እንደ ደሴት ብቅ ብቅ ብለዋል። ድምፁ ግን ከውኃ በታች እንደሚመጣ ሁሉ አንድ በአንድ ይደርሳታል፦ የበር መንጠቆ፣ መዶሻ፣ የሆነች እናት ልጇን ስትጣራ። መሣሪያውን አየችው። መቶ ስልሳ ስምንት።

እርሳሱን አነሳች። አንዲት ጠዋት ናት፣ አለች ለራሷ፤ የአንድ ሰዓት እሳት፣ ማን ያውቃል? እጇ ሳያማክራት ዘጠኝን ጻፈ። ዘጠና ስምንት ሊል ነው። ያኔ ከታች ሳል ሰማች። ረዥም፣ መጨረሻው ላይ እንደ ጨርቅ የሚቀደድ ሳል። ታውቀዋለች። የአክስቷ ጎረቤት፣ አስም ያለባቸው ሽማግሌ ልብስ ሰፊ ናቸው፤ የተማሪ ቤት ልብሷን ሁሉ የሰፉላት እሳቸው ናቸው። በዚህ ሰዓት ሱቃቸውን ለመክፈት ማዘጋጃ ቤቱ ሥር ያልፋሉ። ሳሉ እስኪያልቅ ቆማ አዳመጠች፤ ቶሎ አላለቀም። ዘጠኟን ሰረዘችና ትክክለኛውን ጻፈች። ወርዳም፣ «ዛሬ እሳት የለም» አለች።

ከሰዓት በኋላ ፈቃድ ጠይቃ ወጣች። አካፋ ልትዋስ ዳቦ ቤት ጎራ አለችና ወደ አክስቷ ሄደች። አክስት ክምሩ አጠገብ በርጩማ ላይ ተቀምጣ ነበር። ዞር ብላም አላየቻት።

«አርባ ዛፍ ገደልሽ» አለች።

ልጅቱ ጫማዋን አወለቀች፣ እጅጌዋን ሰበሰበች፣ መቆፈር ጀመረች።

«ምን ልታደርጊ ነው?»

«ልቀብረው። ባለሙያውን በስልክ ጠይቄዋለሁ፤ ከአንድ ሜትር ተኩል በታች ገብቶ አፈሩ በደንብ ከተጠቀጠቀ ትሉ መውጫ የለውም ብሎኛል።»

«ይህን ተራራ? ብቻሽን?»

«እቴቴ፣ ዛሬ ጠዋት ልዋሽልሽ ነበር። ዘጠኝ ብዬ ጽፌ ሰረዝኩት። ሌላ የምሰጥሽ ነገር የለኝም፣ ይኸው ጉልበቴ።»

አክስት ተነሳች፤ ከጓዳ ዶማዋን ይዛ መጥታ ከጎኗ ቆመች።

ጉልበታቸው ድረስ ሲቆፍሩ ከጭሱ ውስጥ አንድ ጥላ ወጣ፤ ቀርቦ ሰው ሆነ። ዳቦ ጋጋሪው ነው፣ በክንዱ ዳቦ፣ በትከሻው ሌላ አካፋ። «አካፋ ተውሳ ስትሄድ ጊዜ አክስቷን ልትቀብር ነው ብዬ ደንግጬ መጣሁ» አለ። አክስት ሳታስበው ሳቀች። ከዚያ ከጡብ ፋብሪካው የወጡ ሁለት ሠራተኞች መጡ። በመጨረሻ ልብስ ሰፊው መጡ፤ ሜትራቸውን አንገታቸው ላይ እንዳንጠለጠሉ።

«መቆፈር አልችልም፤ መለካት ግን እንጀራዬ ነው» አሉና ጉድጓዱን ልክ እንደ ሱሪ ከወገብ እስከ ቁርጭምጭሚት ለኩት። «ይቀረዋል፣ ገና ጉልበት ላይ ነው።»

አክስት የሚሰነጠቅ ትንፋሻቸውን ስትሰማ ዶማዋን አቆመች። «ጋሼ፣ እንዲህ ታመው ነው እንዴ? ክብሪት ይዤ ስቆም በአጥሩ አይተውኝ አልነበር? ለምን አልነገሩኝም?»

«እህቴ፣ ለዛፎችሽ ስታለቅሺ እያየሁ ምን ልበል? በሬን ልዘጋ፣ በረጠበ ፎጣ ልሸፍነው አስቤ ነበር።»

አክስት ፊቷን በነጠላዋ ጠረገች። ወደ ልጇም ዞራ፣ «ውኃ ጠጪ እንጂ፣ ከንፈርሽ ደረቀ እኮ» አለቻት። ልጅቱም እርቅ መሆኑ ገባት።

በማግስቱ ጨርሰው ቀበሩት፤ አፈሩን ሁሉም በተራ እየረገጡ ጠቀጠቁት። ነፋሱ የመጣው ከዚያ በኋላ በሦስተኛው ቀን እኩለ ቀን ላይ ነው። መጀመሪያ የተሰቀለ ልብስ ነቃነቀ፤ ከዚያ ነጩ ነገር ከመንገዱ እንደ አንሶላ ተገፈፈ፤ ሰዎችም ከየሱቁ ወጥተው ለረዥም ጊዜ እንዳልተያዩ ሁሉ ሰላም ተባባሉ።

ከአርባው ዛፍ አሥራ አራቱ ደረቁ። አክስት ለእያንዳንዱ አዘነች፣ ለማንም ግን ጥፋቱን አልሰጠችም። ሃያ ስድስቱ ወራቸው ሲደርስ አበቡ። በዚያን ሰሞን አክስት ሁለት የአጥር እንጨት ነቅላ መተላለፊያ አበጀች፤ ልብስ ሰፊውም ሱቃቸውን ዘግተው የስፌት መኪናቸውን ዛፎቹ ሥር አወጡ፤ «አየሩ እዚህ ይሻለኛል» ብለው። የሰፉትን ልብስ የወሰዱ ሰዎች ቤታቸው ሲደርሱ ኪሳቸው ውስጥ ሮዝ ቀለም ያለው የኮክ አበባ እያገኙ ይገረሙ ነበር።